ጭሱ ከቆመ በኋላ፦ ወንጂን በፎቶግራፍ መመዝገብ

ባለፈው ዓመት በአንድ ኮርስ ላይ «የአንድን ቦታ ለውጥ በፎቶግራፍ መዝግባችሁ አምጡ» የሚል ሥራ ተሰጠን። አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች አዲስ አበባን መረጡ፤ የሚፈርስ ሰፈርና የሚወጣ ፎቅ እዚያ ሞልቷልና። እኔ ወንጂን መረጥኩ። ምክንያቴ ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም፤ አሮጌው ስኳር ፋብሪካ መዘጋቱን ሰምቻለሁ፣ ከአዳማ ቅርብ ነው፣ የትራንስፖርቱ ወጪም ብዙ አይጎዳኝም። በሁለት ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ ብዬ ሄድኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ 160 ያህል ፎቶ አነሳሁ። የዛገ ቆርቆሮ፣ የተቆለፈ በር፣ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ፣ የዛፍ ጥላ የወደቀበት ባዶ መንገድ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ወደ ማታ ላይ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ያነሳሁትን በስልኬ ሳይ አጠገቤ የነበሩ አንድ የፋብሪካው ጡረተኛ «እስቲ ልይ» አሉኝ። ስልኩን ተቀብለው አንድ በአንድ ገለጡት። ሠላሳኛው አካባቢ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ? እኛ የት ሄድን?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

በዚህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ በኋላ ሥራዬን እንዴት እንደቀየርኩ፣ ምን እንደተማርኩና የት እንደተሳሳትኩ ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን ለማካፈል እሞክራለሁ። የምለው በአጭሩ ይሄ ነው፤ ፋብሪካ ሲዘጋ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ሕንፃው አይደለም። ዝገት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ፈጥኖ የሚጠፋው ፋብሪካው በሰው እጅ፣ በሰው አካልና በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ነገር ነው። ካሜራ ደሞ ይህንን ብቻውን አይዘውም፤ ስም፣ ዓመተ ምህረትና ፈቃድ አብረውት ካልሄዱ ፎቶው ዲዳ ነው።

ወንጂ እንዴት ወንጂ ሆነ?

የሚያነሳውን ቦታ ታሪክ የማያውቅ ሰው የሚያየው ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ።

ወንጂ ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአዳማ በስተደቡብ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ይገኛል። አገዳው ከመምጣቱ በፊት ሜዳው የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬት ነበር። የከተማው ታሪክ የሚጀምረው ከፋብሪካው ነው ቢባልም፣ የቦታው ታሪክ ግን ከዚያ ይቀድማል። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ዛሬ ፋብሪካ ሲዘጋ ስለጠፋ ኑሮ የምናወራው ያን ጊዜ ፋብሪካ ሲተከል ኑሮው በተናጋ ሕዝብ መሬት ላይ ቆመን ነው።

ፋብሪካውን የተከለው ኤች.ቪ.ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ብዙ ዘመን የኖረው በኢንዶኔዥያ እርሻዎች ላይ ሲሆን፣ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1954) ሥራ ጀመረ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1962 ሸዋ ስኳር ፋብሪካ እዚያው አጠገቡ ተጨመረ። ሰዉ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ወንጂ ሸዋ» ይላቸዋል። ደስታ ከረሜላም የወንጂ ልጅ ናት። በ1967 ዓ.ም መንግሥት ፋብሪካዎቹን ወረሰ። ማሽኖቹ ግን እነዚያው ነበሩ፤ እየተጠገኑ፣ እየተለበዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሠሩ። በመጨረሻ በእርጅና ምክንያት ተራ በተራ ተዘጉ። በምትካቸውም ከአሮጌዎቹ ራቅ ብሎ፣ በዶዶታ በኩል፣ አንድ ትልቅ አዲስ ፋብሪካ ተተከለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወንጂ ፋብሪካው ተዘግቶ ሁሉ ነገር ያበቃበት ከተማ አይደለም። አገዳው በሜዳው ላይ ዛሬም አለ። ተዘጋ የምንለው ከተማው መሐል የነበረውን፣ ከተማው በዙሪያው የተሠራበትን ፋብሪካ ነው። በኩባንያ ከተማ ደሞ ፋብሪካው የደመወዝ ምንጭ ብቻ አይደለም። ቤቱ የፋብሪካው ነው፤ ውሃው፣ መብራቱ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክበቡ ሳይቀር ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ኃላፊዎቹ ሰፊ ግቢና አትክልት ባለው ቪላ፣ ሠራተኛው በተርታ በተሠራ የካምፕ ቤት ይኖሩ ነበር። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ለአገዳ ቆረጣ የመጣው ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ከእነዚህም ወልዶ ከብዶ የቀረው ብዙ ነው። ስለዚህ «የት ተወለድክ?» ተብሎ «ወንጂ» የሚል ሰው፣ ስለ ከተማ ብቻ ሳይሆን ስለ ካምፑ ቁጥርና ስለ አባቱ የሥራ ክፍል ጭምር ነው የሚነግራችሁ።

የዝገት ፈተና

ወደ መጀመሪያዎቹ 160 ፎቶዎች ልመለስ። ለምን እንደዚያ አነሳሁ? ምክንያቱም ዝገት ቆንጆ ነው። አይሸሽም፣ ፈቃድ አይጠየቅም፣ «ለምንድን ነው የምታነሺኝ?» አይልም። የማታ ፀሐይ ሲያርፍበት ማንም አንሺ ጎበዝ ይመስላል።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካዋ የመኪና ከተማ ዲትሮይት ስትዳከም ከየአገሩ የሄዱ ፎቶ አንሺዎች ባዶ ፋብሪካና የፈረሰ ቲያትር ቤት እያነሱ ትልልቅ መጻሕፍት አሳትመዋል። የሁለት ፈረንሳውያን፣ የኢቭ ማርሻንና የሮማ ሜፍር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ መጽሐፍ በጣም ይታወቃል። ፎቶዎቹ ውብ ናቸው። ዳሩ ግን በከተማዋ ያኔም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖር ነበር። ብዙ ነዋሪዎች ቅር የተሰኙት ለዚህ ነው፤ ያሉ ሰዎች እንደሌሉ ተቆጠሩ።

ከዚህ የተለየ መንገድ የያዘችው ላቶያ ሩቢ ፍሬዚየር ነች። የተወለደችው በፔንሲልቬኒያ፣ ብራዶክ በምትባል ትንሽ የብረት ከተማ ነው። በብራዶክ አንድሩ ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1875 የብረት ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። ፋብሪካው ጨርሶ ሳይዘጋ ሠራተኛው እየተቀነሰ፣ ሱቁ እየተዘጋ ከተማዋ ተራቆተች። እ.ኤ.አ. በ2010 ሆስፒታሏም ተዘጋ። ፍሬዚየር ለብዙ ዓመታት ያነሳችው አያቷን፣ እናቷንና ራሷን ነው፤ በሳሎን፣ በመኝታ ቤት፣ በሕመም አልጋ ላይ። ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ ሲወጣ ያየ ሰው ስለ ጭስ ማውጫው ሳይነገረው ፋብሪካው በቤተሰቡ ላይ ያደረገውን ተረዳ። የወንጂም ነገር ለዚህ ይቀርባል ብዬ አሰብኩ። የፋብሪካውን አጥር ሳልሻገር፣ ከአጥሩ ውጪ ያለውን ሰው ለማንሳት ወሰንኩ።

አንደኛ፦ ቋሚ ነጥብ

ሰው ለማንሳት ወሰንኩ ስል ቦታውን ተውኩት ማለቴ አይደለም። ለውጥ የሚታየው አንድ ቦታ ከአንድ ነጥብ ላይ ደጋግሞ ሲነሳ ነው። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤሸር ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውሃ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫዎችን ሲያነሱ ሁልጊዜ ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር ነበር። ብርሃኑና አቅጣጫው ካልተለወጠ ተመልካቹ የሚያነጻጽረው ዕቃውን ብቻ ይሆናል።

እኔም 12 ነጥብ መረጥኩ፦ መንታ መንገድ፣ የካምፕ ቤት ተርታ፣ የገበያ ጫፍ፣ የአገዳ ማሳ ድንበር። ለእያንዳንዱ የቆምኩበትን ቦታ በንድፍ፣ ሰዓቱን በጽሑፍ፣ ሌንሱን በቁጥር ያዝኩ። መጀመሪያ ላይ ግን ሰዓቱን ንቄው ነበር። አንዱን የቤት ተርታ በመጀመሪያው ወር ጠዋት፣ በሁለተኛው ወር አመሻሽ ላይ አነሳሁት። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ቤቶቹ በአንድ ወር ውስጥ ያረጁ መሰሉ! ያረጀ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው ፀሐይዋ ናት። ሳላውቀው ልዋሽ ነበር።

ከቋሚ ነጥቦቹ ያልጠበቅሁት ነገር ተማርኩ። አገዳው ረዝሞ ሲቆም ከተማው በአረንጓዴ ግድግዳ ይታጠራል፤ ሲቆረጥ ደሞ ድንገት ሜዳው ይከፈትና ሩቅ ድረስ ይታያል። የወንጂ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በዚህ መከፈትና መዘጋት ጭምር እንደሆነ ነገሩኝ። ለአንድ ቀን የሚመጣ ፎቶ አንሺ ይህን ሊያየው አይችልም።

ሁለተኛ፦ እጅ የሚያውቀው

አገዳ ተጨምቆ ጭማቂው ይወጣል፤ ኖራ ገብቶበት ይሞቅና ቆሻሻው ይዘቅጣል፤ ከዚያ ውሃው እየተነነ ይወፍራል፤ በመጨረሻም አየሩ በተመጠጠ ትልቅ ጋን ውስጥ ይበስልና ስኳሩ ፍሬ መያዝ ይጀምራል። ፍሬው ከሞላሰሱ የሚለየው በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ነው። የተጨመቀው የአገዳ ገለባ እንኳን አይጣልም፤ የእንፋሎት ምድጃውን የሚያነደው እሱ ነው። እስከዚህ ድረስ መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

መጽሐፍ ላይ የማይገኘውን ያሳዩኝ በስኳር ማብሰያ ክፍል ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ አባት ናቸው። በጥንቱ አሠራር አብሳዩ ከጋኑ ጥቂት ናሙና አውጥቶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይይዛል፤ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ሲከፍት የሚወጣውን ክር ርዝመት አይቶ «ደርሷል» ወይም «ገና ነው» ይላል። ናሙናውን መስታወት ላይ ቀብቶ ከብርሃን ፊት የፍሬውን መጠንም ያያል። ትንሽ ቢሳሳት ያ ሁሉ ጋን ይበላሻል። ዘመናዊ ፋብሪካ ይህንን በመሣሪያ ይለካዋል።

እኒህ አባት ይህን በቃል ሊያስረዱኝ ሞክረው አልሆን ሲል ሚስታቸውን «እስቲ ስኳር በድስት ጣጂልኝ» አሏቸው። እትዬም እየሳቁ ጣዱት። ከምድጃው ላይ በማንኪያ ቀንሰው፣ እፍ እፍ ብለው፣ በሁለት ጣታቸው መካከል ክሩን አወጡልኝ። አምስት ፎቶ በተከታታይ አነሳሁ፤ ጣቱ ተዘግቶ፣ ሲከፈት፣ ክሩ ሲረዝም፣ ሲቀጥን፣ ሲበጠስ። ከሥራዬ ሁሉ በጣም የኮራሁባቸው እነዚህ ናቸው። ወደ እነዚህ ፎቶዎች ኋላ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፦ ጥርስና ወገብ

ሰዎችን ማንሳት ስጀምር አንድ ነገር አስቸገረኝ። ብዙዎቹ ካሜራ ሲያዩ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ፤ ሲስቁ ደሞ በእጃቸው ወይም በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። እኔ ዓይን አፋርነት መስሎኝ «ይሳቁ እንጂ እትዬ» እያልኩ እወተውት ነበር። አንዷ እናት ሲመራቸው «ጥርሴን ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ እሳተ ገሞራ በወለደው አለት ውስጥ ስለሚያልፍ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ ሸዋ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበትን የጉድጓድ ውሃ ከ10 ዓመት በላይ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸውና አከርካሪያቸው እየደረቀ እስከ መጉበጥ መድረሳቸውን ሐኪሞች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ ውሃውን ለማጣራት ልዩ ልዩ ዘዴዎች ተሞክረዋል።

ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳበት ጊዜ ግን ለየቅል ነው። ጥርስ የሚበልዘው ጥርሱ ከድድ ሥር ሆኖ በሚሠራበት በልጅነት ዕድሜ ነው። ጎልማሳ ሆኖ የመጣ ሰው ጥርሱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ የሚጎዳው ቀስ በቀስ ወገቡና መገጣጠሚያው ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ከሩቅ አገር ለሥራ የመጣው አባት ነጭ ጥርስና የደረቀ ወገብ፣ እዚያው የተወለደው ልጅ ቀና ወገብና የበለዘ ጥርስ ይዘው ታገኛላችሁ። ማን መጥቶ፣ ማን ተወልዶ እንደሆነ አካላቸው ይናገራል። ይህን ከማንም ዶሴ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ የአባትና የልጅ ፎቶ ማንሳት ይቻል ነበር።

ላንሳው ወይ? እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። ማስረጃ ነው፤ ግን የሰው ገመና ነው። የወሰንኩት እንዲህ ነው፤ ሐሳቡን አስረድቼ እጠይቃለሁ፣ ፎቶውን በስክሪኑ ላይ አሳያለሁ፣ «ይጥፋ» ካሉኝ ፊታቸው አጠፋለሁ። አንድ ጎልማሳ ጥርሱን ገልጦ ተነሳ፤ «ልጆቼ ይወቁት» አለ። ሌላው ፎቶውን ፈቅዶ «ስለ ውሃው ግን እንዳትጽፊ» አለኝ፤ አልጻፍኩም። ያቺ እናት ጥርሳቸውን አልፈቀዱም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ የተነሳውን ግን ወደዱት። አሁን ሳስበው ከሁሉም ብዙ የሚናገረው ያ ነው። ሳይፈቅዱ ጥርሳቸውን አንስቼ ቢሆን ኖሮ ያንን እጅ አላገኘውም ነበር።

አራተኛ፦ የየቤቱ አልበም

የከተማው ፎቶ አንሺ እኔ አይደለሁም። ከእኔ በፊት ብዙ ሰው አንስቷል፤ ፎቶዎቹ ያሉት በየቤቱ አልበምና ሳጥን ውስጥ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ የቤተሰብ ፎቶዎችን አሰባስቦ የከተማዋን ያለፈ ኑሮ እንዳሳየን ሁሉ፣ በትንሽ ከተማም ይህን ማድረግ ይቻላል። አሠራሩ ቀላል ነው። አልበሙን ከቤት አታውጡ፤ መስኮት ዳር አስቀምጡት። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ያንጸባርቃል። ካሜራውን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጉ። ከአልበሙ ጋር የተጣበቀውን በግድ አትላጡ። ጀርባውንም አንሱ፤ «ለማስታወሻ» ከሚለው ሥር ስምና ቀን ይገኛል።

በጠቅላላው ከዘጠኝ ቤቶች 210 ያህል ፎቶ ገለበጥኩ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ አዲስ ቱታ የለበሰ ጎረምሳ። አንድ ማታ ሁሉንም በኮምፒውተር ላይ ዘርግቼ ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ፋብሪካው በነዚህ ሁሉ ውስጥ ብቻውን የተነሳበት አንድም ፎቶ የለም። ሲገኝ የሚገኘው ከሰው ትከሻ በስተጀርባ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ጥግ ላይ ነው። እኔ ደሞ በመጀመሪያው ቅዳሜ 160 ጊዜ ዕቃውን ፊት አምጥቼ ሰውየውን አውጥቼ ነበር። የሽማግሌው ጥያቄ በትክክል የገባኝ ያን ማታ ነው።

አምስተኛ፦ ጽሑፉ

እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንጅ በካሊፎርኒያ፣ ኒፖሞ አጠገብ በአንድ የእርሻ ሠራተኞች ካምፕ ልጆቿን ይዛ የተቀመጠች ሴት አነሳች። «ስደተኛዋ እናት» በሚል የሚታወቀው ፎቶ በዓለም ላይ ብዙ ከታተሙት አንዱ ነው። ላንጅ ግን የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። ስሟ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኑ የታወቀው ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እሷም ከፎቶው ምንም ጥቅም እንዳላገኘችና ባትነሳው ትመርጥ እንደነበር ተናግራለች።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር አምስት ነገር እጽፋለሁ፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው ሥራ ክፍል ከመቼ እስከ መቼ፣ እና ለምን ያህል አገልግሎት እንደተፈቀደ። በዚህ ጽሑፍ ላይ የማንንም ስም ያልጠቀስኩት ረስቼ አይደለም። የፈቀዱልኝ ለአልበሙ ነው፤ ለመጽሔት አልጠየቅኋቸውም።

ዘመን አቆጣጠሩም ጣጣ አለው። ካሜራው ፋይሉ ላይ የሚጽፈው የፈረንጁን ቀን ነው፤ ሰዉ የሚነግራችሁ በእኛው ነው። አንድ አባት «በ67» ሲሉኝ ማስታወሻዬ ላይ 1967 ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ማን ያነበዋል? የውጭ ሰው ቢያነበው ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ ይመስለዋል። በወንጂ ታሪክ ደሞ ያ ልዩነት ፋብሪካው የኩባንያው በነበረበትና መንግሥት በወረሰበት ጊዜ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉበት።

ፋይሉንም አደራ። ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይቀመጥ። እኔ አንዱን ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱን ወንጂ ለሚኖር የአንድ ባለ አልበም ልጅ ሰጥቻለሁ።

ስድስተኛ፦ መመለስ

ስለ ስኳር አብሳዩ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ፎቶዎቹን አሳጥሜ ወንጂ ስሄድ ቤታቸው ደጅ ላይ ድንኳን አየሁ። ካረፉ ሦስት ቀናቸው ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ልጃቸው ጠጋ አለችና «አንቺ አንስተሽው ነበር አይደል? ለአርባው የምናሳድገው ጥሩ ፎቶ የለንም፤ ያለን የመታወቂያው ነው» አለችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አምስት ፎቶ ነበረኝ። አምስቱም ጣት ነው። ክሩ እንዲታይልኝ ብዬ ጠጋ ብዬ፣ ፊታቸውን ቆርጬ ነበር ያነሳሁት።

ማታ ፋይሎቹን ሁሉ ስፈትሽ አንድ አገኘሁ፤ ብርሃኑን ልሞክር ብዬ ሳላስበው ያነሳሁት። እትዬ ድስቱን ሲያማስሉ ፊት ለፊት ይታያሉ፣ እሳቸው በስተጀርባ ትንሽ ደብዘዝ ብለው ይስቃሉ። እሱን አሳድጌ ላክሁላቸው። ቤተሰቡ አመሰገነኝ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ እጅ ባነሳሁ ቁጥር ፊትም አነሳለሁ። ፎቶው ለእኔ ስለ ሥራው ማስረጃ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን አባታቸው ነው። ሁለቱንም የማይጠቅም ፎቶ ግማሽ ነው።

የታተመውን አልበም በመጨረሻ ወደዚያው ሻይ ቤት ወሰድኩት። «እኛ የት ሄድን?» ያሉኝ አባት እዚያው ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። አላሞገሱኝም። እስክሪብቶ ጠየቁኝና ሦስት ቦታ አረሙ፤ አንድ የካምፕ ቁጥር፣ አንድ ዓመተ ምህረት፣ የአንድ ሰው የአባት ስም። ከዚያ አንዱን የኳስ ቡድን ፎቶ በጣታቸው መታ አድርገው «ይሄኛው እኔ ነኝ፤ አላወቅሽኝም?» አሉ። አላወቅኋቸውም ነበር፤ ባለ አልበሙም አልነገረኝም። ስማቸውን በራሳቸው እጅ ጻፉበት።

ለመምህሬ ያስረከብኩት ያንን የታረመውን ቅጂ ነው። ንጹሑን ላሳትም እችል ነበር፤ ግን የእሳቸው እርማት ከእኔ ጽሑፍ በላይ ዋጋ አለው ብዬ ተውኩት። አሮጌ ፋብሪካ የተዘጋበት ከተማ ወንጂ ብቻ አይደለም። በየትውልድ ቦታችሁ እንዲህ ያለ ካለ፣ ሕንፃው ትንሽ ይታገሳችኋል። ጡረተኞቹ ግን አይታገሱም። በሚመጣው ዕረፍት ሂዱ፤ ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊትም ስም ጠይቁ።